ለገጠር ቤት ሠሪ መልሱ በጽሑፍ ይሰጠው

ለተከበራችሁ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ግንባታ ፈቃድ ብዙ ይጻፋል። የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ አዲስ አበባ ወይም ስለ ባሕር ዳር ነው። የገጠር ሰውም ቤት ይሠራል። እኔ የምጽፍላችሁ ከምሥራቅ ጎጃም ነው። ቀበሌያችን ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ከሚወስደው አስፋልት ብዙ አትርቅም። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ማመልከቻ የሚያጽፍ ጎረቤት ወደ እኔ ስለሚመጣ የዚህን ጉዳይ ወረቀት በደንብ አውቀዋለሁ።

የሚያሳስበኝ ነገር አንድ ነው። በእኛ አካባቢ አንድ ገበሬ በገዛ ይዞታው ላይ ቤት መሥራት ይችል ወይም አይችል እንደሆነ በጽሑፍ የሚነግረው የለም። ከቻለ ማን እንደሚፈቅድለት አያውቅም። ከተከለከለም በየትኛው ሕግ እንደተከለከለ አያውቅም።

ቀበሌው ወደ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይልከዋል። እዚያ ሲደርስ «ቦታህ ለከተማው ቅርብ ስለሆነ ማዘጋጃ ቤት ጠይቅ» ይባላል። ማዘጋጃ ቤቱ ፕላኑን ያይና «ከፕላን ውጭ ነህ፣ እኛን አይመለከተንም» ይለዋል። ተመልሶ መሬት ጽሕፈት ቤት ሲመጣ ባለሙያው መስክ ወጥቷል፤ ወይም ስብሰባ ገብቷል። አንድ ሸኚ ደብዳቤ ይዞ የሄደ ባለጉዳይ ሌላ ሸኚ ደብዳቤ ይዞ ይመለሳል። ከተማም ገጠርም ያልሆነ የመሃል ቦታ ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ትንንሾቹ ከተሞቻችን ደግሞ በየዓመቱ እየሰፉ ስለሆነ በዚህ መሃል የሚገባው ሰው እየበዛ ነው።

የወንድሜን ልጅ ነገር ላንሳ። ጎጆ ሊወጣ ነው፤ ሚስት አግብቷል። አባቱ ከጓሮው ቆርሶ ሰጠው። ቦታው በይዞታ ደብተሩ ላይ ያለ ነው፣ አዋሳኞቹም አይከራከሩም። ልጁ ባሕር ዛፉን ቆርጦ፣ ልጦ ደረደረ። ዕቁብ ሲደርሰው ቆርቆሮ ገዛ። ፈቃድ ሲጠይቅ ቀበሌው «ግንባታ ተከልክሏል» አለው። አብሬው ሄድኩ።

«ማን ነው የከለከለው?» አልኩ።

«ከበላይ ነው፣ መምህር።»

«እስቲ ደብዳቤውን አሳየኝ።»

«ደብዳቤ የለም። በስብሰባ ነው የተነገረን።»

ይህን የነገረኝ የቀበሌው ሠራተኛ ክፉ ሰው አይደለም። እሱም እጁ ላይ የያዘው ወረቀት የለም። ነገ ሌላ ኃላፊ መጥቶ «ማን ከልክል አለህ?» ቢለው የሚያሳየው ነገር የለውም። የወንድሜ ልጅ እስከ ዛሬ ከነሚስቱ አባቱ ቤት ነው። ያዘጋጀውን እንጨት ምስጥ ጀምሮታል።

እዚህ ላይ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው እንዲረዳልን የምፈልገው ነገር አለ። በእኛ አገር ቤት የሚሠራበት ወቅት አጭር ነው። አዝመራው ታጭዶ፣ ተወቅቶ ጎተራ እስኪገባ ጥር ይሆናል። የሰው እጅ የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ደቦ የሚጠራውም ያኔ ነው። ምሰሶው ይቆማል፣ ግድግዳው ይማገራል፣ ጣሪያው ይመታል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት መሰንበት አለበት። ከተመረገ በኋላ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ እንደገና ይመረጋል። ይህ ሁሉ ክረምቱ ሳይገባ ማለቅ አለበት። ግንቦት ላይ ገበሬው ሐሳቡ እርሻው ላይ ነው፣ ለደቦ ቢጠራም የሚመጣለት የለም። ሰኔ ላይ ያልደረቀ ምርጊት ዝናብ ያወርደዋል።

ስለዚህ ጥር ላይ ያመለከተ ሰው ሚያዝያ ላይ መልስ ቢያገኝ ቢሮው የሦስት ወር መዘግየት ነው ይላል። ገበሬው ግን ዓመቱ አለፈው። በዚያ ዓመት ውስጥ የቆርቆሮና የሚስማር ዋጋ ይጨምራል፣ ሲሚንቶማ አይነሣ። ለቤት የተቀመጠው ገንዘብ ለማዳበሪያ ይውላል። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

መልስ ያጣ ሰው በሌሊት ይሠራል። የጨረቃ ቤት በከተማ ዳር ብቻ ያለ የሚመስለው ካለ እኛ ዘንድ መጥቶ ይይ። ቢሮ የሚዘጋበት የበዓል ሰሞን ይጠበቃል። ጎረቤት ተጠራርቶ ሲነጋ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ይገኛል። በጥድፊያ የተሠራ ቤት ምሰሶው በደንብ አልጠለቀ፣ ማዕዘኑ አልተለካ። ከዚያ ወይ አፍራሽ ይመጣል፣ ወይ እጅ መንሻ ተሰጥቶ ዝም ይባላል። ሁለቱም በቃል ነው። እንዲህ ያለው ቤት መንገድ ወይም ሌላ ልማት ሲመጣ ካሳ ሲጠየቅበት ያከራክራል፤ ለባለቤቱ የሚመሰክርለት ወረቀት የለማ።

አንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ያዘመመ ቤቷን ልታድስ ብላ ተከለከለች። አዲስ ቤት አልጠየቀችም። የበሰበሰ ምሰሶ ልቀይር ነው ያለችው። አሁን ግድግዳው ከውጭ በአጣና ተደግፎ ቆሟል። ልጆቿ ግድግዳው ሥር ይተኛሉ። ይህን ስጽፍ እናደዳለሁ። እድሳትንና አዲስ ግንባታን ለይቶ የሚናገር አንድ ገጽ ጽሑፍ ቢኖር ይህች ሴት ይህ ሁሉ አይደርስባትም ነበር።

ሕጉን በተመለከተ ያነበብኩትን ልጻፍ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። አይሸጥም፣ አይለወጥም። ይህን ማንም ገበሬ ያውቀዋል። ያው አንቀጽ ግን ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ በሚገነባው ቋሚ ንብረት ላይ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ በዋናነት የታሰበው 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ነበር። ከከተማ ውጭም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃንና ኢንዱስትሪን የመሳሰሉ ግንባታዎችን ይመለከታል። የገበሬ መኖሪያ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ታዲያ እኛን የሚገዛን የገጠር መሬት ሕግና የወረዳው አሠራር ነው ማለት ነው። አሠራሩ ካለ ይለጠፍልን።

ክልከላው ያለ ምክንያት መጣ አልልም። ለም የጤፍ መሬት ቤት እየበላው ነው። አስፋልት ዳር ያለውን ማሳ በኪራይ ስም በምስጢር የሚገዙ ሰዎች አሉ። ከተማው ሲሰፋ ካሳ ለማግኘት ብቻ ግድግዳ የሚያቆምም አለ። ኃላፊዎቹ ይህን ፈርተው ሁሉንም በአንድ ላይ «አይቻልም» ማለታቸው ይገባኛል። ውጤቱን ግን ዓይናችን እያየ ነው። ገንዘብ ያለው ነጋዴ መንገዱን አያጣም። የሚቆመው አባቱ ጓሮ ውስጥ ሁለት ክፍል ሊሠራ የፈለገው ልጅ ነው።

የእነዚህን ልጆች ነገር ደግሞ በሰፊው ማየት ይገባል። በክልላችን መሬት የተደለደለው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ሠላሳ ዓመት ተጠግቷል። በስሙ የተመዘገበ ማሳ የሌለው ብዙ ነው። ያለው ተስፋ የወላጆቹ ጓሮ ነው። እዚያ ቤት እንዳይሠራ ከተደረገ አንድም ተሰዶ ይሄዳል፣ አንድም ትዳር ሳይዝ ይቀራል። በየቀበሌው ያለ እናትና አባት ይህን ሲያወራ እሰማለሁ።

ፈቃድ የሚባለው ነገር ፊርማና ማኅተም ብቻ እንዲሆንም አልፈልግም። ባለሙያ መጥቶ ቢያይልን እኛም እንጠቀማለን። የደጀን፣ የእነማይና የአካባቢው ሜዳ ብዙው ዋልካ ነው። ዋልካ ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የጭቃ ቤት ይህን እንደምንም ይችለዋል። አሁን ግን ልጆቻችን በብሎኬት መሥራት ጀምረዋል። መሠረቱ በዋልካው ላይ ጥልቀት ሳይኖረው ይጣልና በሁለት ክረምት ውስጥ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። ዕድሜ ልክ የተቆጠበ ገንዘብ ነው። «እስከዚህ ቆፍር፣ ውኃውን በዚህ አሳልፈው፣ ከወራጁ ራቅ በል» የሚል አንድ ባለሙያ ብዙ ቤት ያድናል።

ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ነገር አብዛኛው አለ። በመጀመሪያው ምዝገባ አረንጓዴው ደብተር ተሰጥቶናል። በሁለተኛው ዙር ከአየር ላይ በተነሣ ፎቶ ማሳዎች ተለይተው ካርታ ወጥቶላቸዋል። የቀበሌው የመሬት ባለሙያና የመሬት ኮሚቴ አሉ። ባለሙያው ካርታውን ይዞ ይሂድ። ቦታው የወል መሬት፣ የውኃ መሄጃ ወይም የመንገድ ክልል አለመሆኑን ያረጋግጥ። የከተማው ፕላን እንዳይነካው ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር እሱ ራሱ ይጻጻፍ፤ ባለጉዳዩ ደብዳቤ ተሸክሞ አይመላለስ። ቤቱ የሚቆምበትን ቦታ ካርታው ላይ ምልክት አድርጎ ይፈርም። ማመልከቻ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቢቀበሉ፣ መልሱም ታኅሣሥ ሳያልቅ ቢሰጥ ሰው ጥር ላይ ሥራ ይጀምራል። የተከለከለም ምክንያቱን በጽሑፍ ይያዝ። ደብዳቤ የያዘ ሰው ወደ ዞን ሄዶ አቤት ይላል። በቃል የተከለከለ ሰው አቤት የሚልበት የለውም።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የገባንበት ግጭት የገጠር ቢሮዎችን ሥራ ክፉኛ እንዳወከ አውቃለሁ። ባለሙያ ቀበሌ ለቀበሌ እንደ ልቡ መንቀሳቀስ የማይችልበት ጊዜ አይተናል። የቃል ክልከላው ግን ከግጭቱ በፊትም ነበረ። አንድ ገጽ መመሪያ ጽፎ በቀበሌው በር ላይ ለመለጠፍም ሰላም እስኪሰፍን መጠበቅ አያስፈልግም።

አዘጋጅ ሆይ፣ ከእናንተ የምንፈልገው የክልሉን መሬት ቢሮ እንድትጠይቁልን ነው። በገጠር ይዞታ ላይ መኖሪያ ቤት መሥራትን የሚከለክል የጽሑፍ መመሪያ አለ ወይ? ካለ ቁጥሩና ቀኑ ይገለጽ። እድሳትስ ይካተታል ወይ? ከተማ ዳር ያለን ይዞታ የሚመለከተው የትኛው ቢሮ ነው? የሚሰጧችሁን መልስ አትሙልን። ጋዜጣውን በየቀበሌው ለማዳረስ እኔ አለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የምሥራቅ ጎጃም ነዋሪ፣ ጡረተኛ መምህር