14 ማዳበሪያ ጋዜጣ ከክረምቱ እናድን

ውድ የአቃቂና የቃሊቲ ነዋሪዎች፣ ርቃችሁም ያላችሁ የሰፈራችን ልጆች፤

በእድራችን ዕቃ ቤት፣ ከድንኳኑና ከትልልቆቹ ድስቶች ጎን፣ 14 ማዳበሪያ ሙሉ ጋዜጣ ተከምሯል። ሰብሳቢው ዕድሜያቸውን በጋዜጣ ሥራ የጨረሱ ጎረቤታችን ነበሩ። ሲያርፉ ባለቤታቸው «የቆሎ መጠቅለያ ከሚሆን ለልጆቹ ይሁን» ብለው ለእድሩ ሰጡ። አብዛኛው ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ እስከ 1997 ምርጫ ማግስት የወጣ ሳምንታዊ ጋዜጣ ነው። ብዙዎቹ ዛሬ ስማቸውም አይነሳም። ድርብ የሆነባቸውን ቅጂ የቤታቸው የጭቃ ግድግዳ ላይ ይለጥፉት ነበር፤ አንዳንዶቻችን ፊደል ያጠናነው በዚያ ግድግዳ ነው።

ባለፈው ነሐሴ ጣሪያው አፈሰሰ። ሁለቱን ማዳበሪያ ስንፈታ ወረቀቱ እንደ ቂጣ ተጣብቆ አገኘነው። በቢላዋ ጫፍ ለማላቀቅ ስንሞክር ጽሑፉ እየተላጠ መጣ። ከአንዱ ገጽ የተረፈው እሳቸው በእርሳስ ዳር ላይ የጻፏት ቃል ብቻ ናት፦ «ሰነዱን ጠይቅ»።

«ያረጀ ጋዜጣ ምን ይሠራል?» ለሚለን የምንነግረው የጊዬርሞ ካኖን ታሪክ ነው። ካኖ ኮሎምቢያ ውስጥ ኤል ኤስፔክታዶር የተባለውን ጋዜጣ ይመራ ነበር። የኮኬይን ነጋዴው ፓብሎ ኤስኮባር ለምክር ቤት ተለዋጭ አባልነት ተመርጦ፣ የድሆች አሳቢ ባለሀብት መስሎ በሚታይበት ጊዜ፣ ካኖ ይህን ሰው ድሮ በራሱ ጋዜጣ ላይ እንዳየው ትዝ አለው። የቆዩ ቅጂዎች ተፈተሹ። ኤስኮባር በኮኬይን መያዙን የሚናገር፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ዜና ተገኘ፤ በኦገስት 1983 እንደገና ታተመ። ከዚያ በኋላ የኤስኮባር የፖለቲካ ሕይወት አላንሰራራም። ያን ዜና ያን ጊዜ ማንም አልጻፈውም፤ ተቀምጦ ነው የተገኘው! ካኖ ግን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1986 ከጋዜጣው ቢሮ ሲወጣ በጥይት ተገደለ።

ዩኔስኮ በካኖ ስም የሰየመውን የፕሬስ ነፃነት ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2013 ያገኘችው የፍትሕ ጋዜጣ አምደኛ የነበረችው ርዕዮት ዓለሙ ናት። ያን ጊዜ የነበረችው እዚሁ፣ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ታስራ ነው። ሰሃንና ፌስታል ይዘው ስንቅ የሚያመላልሱ ሰዎችን እያየን ላደግን ለእኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

አሁን የምንለምናችሁ ይህን ነው። እድሩ ከአዳራሹ አጠገብ ያለችውን ክፍል ለንባብ ቤት ለቆልናል። የጣሪያ ቆርቆሮ፣ የብረት መደርደሪያና የጋዜጦቹ ጥረዛ 165,000 ብር ይፈጃል። እድሩ 40,000 ብር ሰጥቷል፤ 125,000 ብር ይቀረናል። ክረምቱ ሳይገባ፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ፣ ቢያንስ ጣሪያው ማለቅ አለበት። መቶ ብርም ቢሆን ለእድሩ ገንዘብ ያዥ ስጡና ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ገቢና ወጪው በየወሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል። ገንዘብ የሌለው ጉልበቱን ይስጠን። ጥረዛ የሚችል ሰው ካለ ከሁሉ በፊት እሱን እንፈልጋለን፤ ተማሪዎች ቀንና ርዕስ ይመዘግባሉ። ቤታችሁ አልጋ ሥር የተቀመጠ ጋዜጣ ካለም አትጣሉት፣ አምጡልን።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ዕቃ ቤቱ ክፍት ነው። የረጠቡትን ጸሐይ ላይ እያሰጣን ስለሆነ ገመድና የልብስ መቆንጠጫ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።