ፌስቲቫሉ ከጠረጴዛው ይጀምር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) የሚያነበውና አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልም) የሚከታተለው ወጣት እየበዛ ሲሄድ «እኛስ ለምን ፌስቲቫል አይኖረንም?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም ነበር። ጥያቄው ደግ ነው። አብሮት የሚመጣው ዕቅድ ግን ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ አዳራሽ፣ መድረክ፣ ከኢንተርኔት የወረደ ፊልም፣ የአልባሳት ውድድር (የታሪኩን ገጸ ባሕርያት መስሎ መልበስ)፣ ዋንጫ። ሥዕልና ኅትመት ላይ የምንውል ሰዎች ነንና ዕቅዱ ከጭራው ተጀምሯል እንላለን። የሳሉትን ይዘው ለሚመጡ ልጆች ጠረጴዛ ካልተዘረጋ የቀረው ሲኒማ ቤት ገብቶ ከመውጣት አይለይም።

ሰዎች በቡድን ሆነው ራሳቸው ስለው ያሳተሙትን መጽሐፍ የሚሸጡበት፣ ቶኪዮ ውስጥ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚካሄደው ኮሚኬት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1975 ሲጀመር 32 ቡድኖችና 700 ያህል ታዳሚዎች ብቻ ነበሩት። ዛሬ የሚመጣው ሕዝብ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። ለአንድ ቡድን የሚሰጠው ቦታ ግን አሁንም ግማሽ ጠረጴዛ ነው፤ 90 በ45 ሳንቲ ሜትር። ያኔ የነበሩት 32 ቡድኖች በዚህ ልክ 16 ጠረጴዛ ይበቃቸዋል፤ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያለ አንድ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይይዘዋል።

ጠረጴዛው ላይ የምትቀመጠው 16 ገጽ ያላት ቀጭን መጽሐፍ ናት። አንድ ኤ4 ወረቀት መሐል ለመሐል ሲታጠፍ አራት ገጽ ይወጣዋል፤ ስለዚህ የገጹ ብዛት ለአራት መካፈል አለበት። 14 ገጽ ስሎ የመጣ ልጅ ሁለት ባዶ ገጽ ይሸጣል። ለ16 ገጽ አራት ወረቀት ይበቃል፤ ሽፋኑን ሳይጨምር 500 ወረቀት ካለው አንድ ደስጣ 125 ቅጂ ይወጣል። ሲደረደር በአንድ ፊት ጎን ለጎን የሚውሉት ሁለት ገጾች ሲደመሩ ምንጊዜም 17 ይመጣሉ፤ 16 ከ1 ጋር፣ ጀርባው ላይ 2 ከ15 ጋር፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ፎቶ ኮፒ ቤት ሲደረስ ደግሞ ወረቀቱ በአጭሩ ጠርዝ እንዲገለበጥ መናገር ያስፈልጋል። በረጅሙ ጠርዝ ከተገለበጠ ጀርባው ሁሉ ተዘቅዝቆ ይወጣል፤ ብዙ ደስጣ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። አንዱን አሳትሞ፣ አጥፎ፣ ገልጦ ሳያዩ መቶውን ማዘዝ አይገባም።

ኤ4 ላይ የተሳለው ወደ ኤ5 (የኤ4 ግማሽ) ሲያንስ ወደ 71 በመቶ ይወርዳል። በ0.3 ሚሊ ሜትር ብዕር የተሰመረ መስመር 0.2 ሆኖ ይቀጥንና ቀለሙ ባለቀ ማሽን ላይ ይበጣጠሳል፤ ከ0.5 ባይወርዱ ይሻላል። በእርሳስ የተቀባ ግራጫ ጥላም ፎቶ ኮፒ ላይ ወይ ይጠፋል ወይ ይጠቁራል። ጥላውን በጥቁር ጭረት መሥራት ያዋጣል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ንግግሩ የሚጻፍበት አረፋ ነው። ጃፓንኛ በማንጋ ከላይ ወደ ታች፣ ዓምዱም ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፍ አረፋው ረጅምና ጠባብ ይሆናል። የእኛ ልጆች ያንኑ አረፋ እንዳለ ገልብጠው አማርኛ ሊከቱበት ይታገላሉ። «አልነገርኩህም» ብቻውን ስምንት ፊደል ነው፤ ወይ መሐሉ ላይ ይሰበራል፣ ወይ እስኪያስቸግር ያንሳል። መፍትሔው ንግግሩን አስቀድሞ ጽፎ አረፋውን በዙሪያው፣ ወደ ጎን ሰፋ አድርጎ መሳል ነው። ኤ4 ላይ የፊደሉ ቁመት ከ4 ሚሊ ሜትር አይነስ፤ ኤ5 ላይ 3 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። «ቱ»ን ከ«ቲ» የሚለያት ቅጥያዋ ወገብ ላይ ወይም እግር ላይ መዋሏ ብቻ ነው፤ ማሽኑ ያቺን ቅጥያ ከዋጣት አንባቢው በግምት ያነባል።

የገጹ አገላለጥም እንዲሁ ነው። በማንጋ ገጽ ላይ ሥዕሎቹ የሚውሉባቸው ሣጥኖች ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባሉ። ሐረር ውስጥ ቁርኣን የቀራ ልጅ መጽሐፍ ከቀኝ መክፈት አይገርመው ይሆናል፤ ግን ሣጥኑ ወደ ግራ እየሄደ በውስጡ ያለው አማርኛ ወደ ቀኝ ሲሄድ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ይነበባል። በአማርኛ የሚሠራ ከግራ ይጀምር፣ እጥፋቱም በግራ ይዋል፣ ስቴፕለሩንም እጥፋቱ ላይ ይምታ። በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በሐረሪ ደግሞ ማውጣት የሚፈልግ (ድሬ ላይ ማን አይፈልግም?) አረፋውን ባዶ ትቶ የሥዕሉን ንጹሕ ቅጂ ያስቀምጥ።

ስለ አልባሳቱ ብዙ አንልም። ሐረር ጁገል ግንብ ውስጥ ያለው መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች ሰፈር ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰፈር እያለ ዝግጁ ልብስ ከሩቅ ማስመጣት ይገርመናል። ለልብስ ሰፊው ግን የፊት ምስል ብቻ አይበቃውም፤ የጎንና የጀርባም ያስፈልገዋል፣ ካልሆነ ጀርባውን በራሱ ግምት ይሰፋዋል። ጨርቁ ጥጥ ይሁን፤ ፖሊስተር በድሬ ሙቀት ከሰው ሠራሽ ፀጉር ጋር አያስቀምጥም። ከስፖንጅ የሚሠራ ጋሻና ጥሩር እየቀለጠ በሚወጣው የዱላ ሙጫ ከተያያዘ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ይለቃል። ጫማ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ይሻላል፤ ሁለቱንም ወገን ቀብቶ፣ ጣት ላይ መጣበቅ እስኪተው አቆይቶ፣ ከዚያ መግጠም። ሽታው ይጎዳልና ደጅ ይሠራ። ኮሚኬት ለብሶ መምጣትንም ለብሶ መመለስንም ይከለክላል፤ እዚያው መቀየሪያ ክፍል አለ። እዚህም ለሴትና ለወንድ የተለየ ክፍል ካልተዘጋጀ ብዙ ቤተሰብ ልጁን አይልክም።

ፊልም ይታያል ከተባለ ከባለመብቱ በጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቅ፤ ቤት የሚታይ ፊልም ለአዳራሽ አልተፈቀደም። ከፊልሙ ይልቅ አኒሜው እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ቢያሳዩ ደስ ይለናል። በሰከንድ 24 ምስል ያልፋል፤ አንዱ ሥዕል ለሁለት ምስል ከቆየ በሰከንድ 12፣ ለሦስት ከቆየ 8 ሥዕል ይበቃል። በ8ቱ ሒሳብ ሦስት ሰከንድ የምትንቀሳቀስ ባጃጅ በ24 ሥዕል ትሠራለች ማለት ነው። ወረቀቶቹ በቢሮ መብሻ በአንድ ቦታ ተበስተው ችካል ላይ ካልተሰኩ ባጃጇ ስትሄድ መንገዱም ይንቀጠቀጣል።

ቀኑ በኅዳርና በጥር መካከል ይሁን፤ ረመዳን በነዚህ ወራት ከገባ የጾሙ ቀናት ይታለፉ። ግንቦት ላይ ድሬ አዳራሽ ውስጥ ሰው ማጎር አይሆንም። የጠረጴዛ ምዝገባው ደግሞ ከሦስት ወር በፊት ይከፈት። ትምህርት ላይ ያለ ልጅ በቅዳሜና እሑድ ሁለት ገጽ ከጨረሰ በርትቷል፤ 16ቱ ገጽ ስምንት ሳምንት ይወስድበታል፣ ኅትመቱና እርማቱ ሌላ ሁለት ሳምንት። ከወር በፊት ብቻ ከተነገረው ባዶ እጁን ይመጣል።

ከሰላምታ ጋር
በሥዕልና በኅትመት ሥራ ላይ ያለን የድሬዳዋ ነዋሪዎች