ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ

ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የድሬ ሙቀት ግን ዘንድሮ ጠንክሯል። እናትሽ ማታ ማታ ፍራሽ አውጥታ በረንዳ ላይ ትተኛለች።

ቅዳሜ ማታ ደውለሽ "አባ፣ ያ ፎቶ ላይ ያለኸው አንተ ነህ?" ስትዪኝ ድምፅሽ ውስጥ ፍርሃት ሰማሁ። "አዎ፣ እኔ ነኝ" ብዬ ስልኩን ቶሎ ለእናትሽ ሰጠሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን ሁሉ በስልክ መናገር አልችልበትም፤ በወረቀት ይሻለኛል።

መደንገጥሽ አይገርመኝም። "ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ" እያልኩ ያሳደግኩሽ እኔው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ልትገቢ ስትሄጂ አውቶቡሱ መስኮት ሥር ቆሜም የነገርኩሽ እሱኑ ነው። ዛሬ ደግሞ የዕጩ ቢሮ ሲከፈት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ አየሽኝ።

ቢሮው ከዚራ ሰፈር ነው፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም አይርቅም። ድሮ ልብስ ሰፊ የነበረበት አንድ ክፍል ሱቅ ነው የተከራዩት። ዝግጅቱ ለአሥር ሰዓት ተጠርቶ ነበር፤ የድሬን ሰው ታውቂዋለሽ፣ ፀሐይዋ በረድ ሳትል ከቤት አይወጣም። አሥር ተኩል ሲሆን ሰው ከየዛፉ ጥላ ሥር እየተነሣ መጣ። የኪራይ ወንበር ደጁ ላይ ተደርድሯል። ሞንታርቦው አንዴ የአማርኛ፣ አንዴ የኦሮምኛ፣ አንዴ የሶማልኛ ዘፈን ይለቃል። ሻይና ሳምቡሳ ዞረ። ካናቴራም ሰጥተውኛል፤ እናትሽ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ስሄድ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜአለሁ። አንዴ ቦቲ ሱቅ የምገዛ መስዬ ቆምኩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ዝም ብዬ ቆምኩ። ልመለስ ነበር።

ግንቦት 7 ቀን 1997 አንቺ የአራት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ሌሊት ተነሥቼ ሰልፍ ያዝኩ። ረፋዱ ላይ እናትሽ አንቺን ይዛ ውሃ ስታመጣልኝ ትከሻዬ ላይ ወጥተሽ አልወርድም አልሽ። ሰልፉ አያልቅም ነበር፣ ሰው ግን ደስ ብሎታል፣ የማያውቀውን ሰው ሁሉ ያወራል። ከምርጫው በኋላ የመጣውን ታውቂዋለሽ። ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱ "የተቃዋሚ ደጋፊ ነው" ተብሎ እንጀራውን አጣ። ያ ሰው ቤታችን እየመጣ ቡና ይጠጣ ነበር። እኔ ግን ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሳየው ተሻግሬ ማለፍ ጀመርኩ። ዛሬም ድረስ የሚያመኝ ይህ ነው። አንቺን ያስተማርኩሽ ተረትም ከዚያ የመጣ ነው።

በ2013 ሰኔ 14 ቀን መረጥኩ፣ እሱም ቶሎ ብዬ፣ አንገቴን ደፍቼ። ሐረር ያለችው አክስትሽ ምርጫው እዚያ ስለዘገየ እስከ መስከረም 20 ቀን 2014 ስትጠብቅ በስልክ "ምን ተሰማህ?" ብላኝ "ምንም" አልኳት። እውነትም ምንም አልተሰማኝም ነበር።

ታዲያ አሁን ምን ለወጠህ ትዪኝ ይሆናል። ልጄ፣ እኔ የምድር ባቡር ሰው ነኝ። ይህችን ከተማ የወለዳት ሐዲዱ ነው። ጡረታ ወጥቼም በጋራዡ በኩል ሳልፍ ጆሮዬ የመዶሻውን ድምፅ ይፈልጋል። ዝም ብሏል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማ ውጭ መልካ ጀብዱ ቆሞ ወደ ጅቡቲ ያልፋል። ማልማቱ መልካም ነው፤ ግን ድሬ ከዚህ ምን ታገኛለች ብሎ ለእኛ የሚጠይቅልን ማን ነው? ከተማችን ከ1996 ጀምሮ በቻርተር የምትተዳደር፣ ተጠሪነቷም ለፌዴራል መንግሥት ነው። ፓርላማ ውስጥ ካሉት 547 ወንበሮች የኛዎቹ 2 ብቻ ናቸው። ሁለት! እነዚያ ላይ ማን እንደሚቀመጥ እኔን ካላሳሰበኝ ማንን ያሳስበዋል?

ዕጩዋ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ልጅ ናት፣ ካንቺ በሁለት ሦስት ዓመት ብትበልጥ ነው። ሕጉ ለዕጩነት 21 ዓመት ይበቃል ይላል። በአማርኛ ጀምራ ሳይታወቃት ኦሮምኛ ገባች፣ ለሶማሌ እናቶች ደግሞ በሶማልኛ ሰላምታ ሰጠች። የድሬ ልጅ መሆኗን ሌላ ምስክር አልፈለግኩም። ብዙ ቃል አልገባችም። እሱን ወደድኩላት።

ከዚያ አንዲት የከፊራ ገበያ አትክልት ሻጭ ብድግ ብላ "ምርጫው ሲያልቅ ይህን ቢሮ ትዘጉታላችሁ ወይስ አትዘጉትም?" አለች። ጭብጨባው አካባቢውን አናጋው። አስተባባሪው ወጣት ትንሽ ዝም አለና "እማማ፣ ኪራዩ የተከፈለው እስከ ምርጫው ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተው ጠይቁን" አላት። ሌላ ቢሆን "መቼም አንዘጋም" ይል ነበር። ይህን እውነት ስሰማ ነው የተነሣሁት። ፎቶውን ያነሱኝ ያኔ ነው፤ እጄን ያወጣሁት ለመፈክር መስሎሽ ከሆነ አይደለም፣ ስለ ደቻቱ ወንዝ ልጠይቅ ነው።

በ1998 ክረምት ያቺን ሌሊት ታስታውሻለሽ? እኛ ጋ ጠብ አላለም፣ ዝናቡ የወረደው ደጋው ላይ ነው። ሁልጊዜ ደረቅ አሸዋ የምናውቀው ደቻቱ በተኛንበት ሞልቶ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። አንቺን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሮጥኩ። ከዚያ በኋላ ግንብ ተሠራ፣ ግን ዛሬም ሰው ወንዙ ዳር ቤት ይሠራል፣ ቆሻሻም ይጣልበታል። "ስለዚህ ጉዳይ ምን ታስቢያለሽ?" አልኳት ዕጩዋን። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። እሷ ደብተር አውጥታ ጻፈችው፣ "መልሱን አጥንቼ እነግርዎታለሁ፣ አባቴ" አለችኝ። ትንገረኝ አትንገረኝ አያለሁ።

ሌላም ነገር አለ፣ ከሰው ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ። ለምርጫ ጣቢያ የፓርቲ ወኪል ሆኜ ተመዝግቤያለሁ። ሥራው ቀላል ነው፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብሎ ማየት፣ ማታ ቆጠራው ሲደረግ እየተከታተሉ ቁጥሩን መያዝ፣ ውጤቱ ጣቢያው በር ላይ ሲለጠፍ ከያዝኩት ቁጥር ጋር ማመሳከር። አርባ ዓመት የባቡር ሰዓትና የጭነት ወረቀት ስይዝ ለኖርኩ ሰው የተፈጠረ ሥራ ነው። ቅስቀሳው ድምፅ ሊሰጥ 4 ቀን ሲቀረው ይቆማል፤ ያኔ ካናቴራውም እንደታጠፈ ይቀመጣል።

ፍርሃቴ ለቀቀኝ አልልሽም። ማታ በር ሲንኳኳ አሁንም ልቤ ይመታል። አንቺ ግን በእኔ ፍርሃት እንድትኖሪ አልፈልግም። ያኔ አውቶቡሱ ሥር የነገርኩሽን ቃል አንሥቼዋለሁ። ለማን እንደምትሰጪ አልጠይቅሽም፣ የኔንም ዕጩ ምረጪ አልልሽም። እዚያው አዲስ አበባ ባለሽበት ካርድሽን አውጪ ብቻ።

ያን የሥራ ባልደረባዬንም ባለፈው እሑድ ቤቱ ሄጄ ጠየቅኩት። ሸምግሏል። ሻይ አፈላልኝ። ስለ ቀድሞው ነገር አንድ ቃል ሳንነጋገር ተቀመጥን፣ ልወጣ ስል እጄን ይዞ ቆየ።

እናትሽ በመጀመሪያው ቀን ተቆጥታኝ ነበር፣ ራቴን ሰጥታኝ ዝም አለች። በነጋታው ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ "ገበያ ደርሼ መጣሁ" ብላ ወጣች። ስትመለስ ዘንቢሉ ባዶ ነው፣ የመራጭ ካርድ ግን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ ይዛለች። ስትደውዪ እንዳልነገርኩሽ ሁኚ። ራሷ እስክትነግርሽ ጠብቂ።

አባትሽ፣ ከድሬዳዋ