ከጀርመን፣ ከሞዘል ወንዝ ዳር

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ ዛሬ በደብዳቤ ብቅ አልኩ። እማማ ያረፉ ጊዜ ሰምቼ ነበር። ለለቅሶ መድረስ አልቻልኩም። በስልክ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ማለቱም ከበደኝ። ነገ እደውላለሁ እያልኩ ሳምንት አለፈ፤ ከዚያ ወዲያ አፈርኩ። ይቅር በለኝ።

ዛሬ የተነሳሁት በአንድ ወይን ምክንያት ነው። እሁድ ዶሮ ወጥ ሠርቼ ሪዝሊንግ የሚባለውን የዚህን አገር ወይን ከፈትኩ። አንዴ ጎረስኩ፣ አንዴ ተጎነጨሁ። ወዲያው እናንተ ቤት ትዝ አለኝ። እማማ በበዓል ቀን ጠጁን በብርሌ እየቀዱ «በርበሬውን ያበርድላችኋል» የሚሉት።

እኔና አንተ ወይን ስንል ቀዩን ነበር። ይሄ ነጭ ነው፤ አዲሱ እንዲያውም ወደ አረንጓዴ ያደላል። መጀመሪያ አረንጓዴ ፖም የገመጥክ ያህል ምራቅህን ያመጣዋል፤ ቀጥሎ ስስ ጣፋጭነት ይመጣል። ጎምዛዛውና ጣፋጩ አንዱ ሌላውን አይጫንም። እኔ የምወደው ይህንኑ ነው።

የሚበቅልበትን ቦታ ብታይ! ሞዘል እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ወይኑ ከዳሩ ባለው ገደል ላይ ነው የተተከለው። ብሬም ከምትባል መንደር አጠገብ ያለው ካልሞንት በዓለም እጅግ ቀጥ ካሉት የወይን ማሳዎች አንዱ ነው። አንዳንድ ቦታ ከ60 ዲግሪ በላይ ነው። ትራክተር አይወጣውም፤ ዘለላው በእጅ ይለቀማል። መሬቱ ጠፍጣፋ ጠቆር ያለ ድንጋይ ነው፤ «ሺፈር» ይሉታል። ቀን ያገኘውን የፀሐይ ሙቀት ማታ መልሶ ይሰጣል። አንዷን አንስቼ ነበር፤ ፀሐይ ጠልቃም እጄን አሞቀችው። በዚህ ቀዝቃዛ አገር ፍሬው ቀስ ብሎ ስለሚበስል ጎምዛዛነቱ አብሮት ይቆያል።

እዚህ ሰዎች በሚያዝያና በግንቦት አስፓራገስ የሚባለውን ነጭ አትክልት በቀለጠ ቅቤ ሲበሉ ከጎኑ «ትሮከን» የሚል የተጻፈበትን ሪዝሊንግ ያቀርባሉ፤ ስኳር የሌለው ማለት ይቻላል። በጭስ የበሰለ ዓሣም ከእሱ ጋር ይስማማል። ለእኛ ወጥ ግን እሱን አትምረጥ። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ አልኮሉ በርበሬውን ያባብሰዋል። ለእኛ የሚሆነው «ካቢኔት» የሚል የተጻፈበት ቀለል ያለው ሪዝሊንግ ነው፤ ትሮከን ያልሆነው። አልኮሉ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 9 በመቶ ቢሆን ነው፤ የቀረችው ስኳር ቃጠሎውን ታስታግሳለች። ጎምዛዛው ደግሞ ቅቤውን ከምላስህ ያነሳልሃል። ከዓሣ ጉላሽ ጋርም ሞክረው።

ለፋሲካ የምትመጣ ጎረቤት አለችኝ። ሁለት ጠርሙስ ይዛልህ ትመጣለች። ረዥሞቹ አረንጓዴ ጠርሙሶች ናቸው፤ ክዳናቸው በእጅ ይዞራል፣ መክፈቻ አትፈልግ። ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት ይበቃቸዋል። በረዶ አትጨምርባቸው። አንዱን ዶሮው ሲደርስ ክፈተው። ሁለተኛውን አቆይልኝ፤ ለሙት ዓመታቸው መጥቼ አብረን እንጠጣዋለን። ትኬቱን ቆርጫለሁ።

ወንድምህ