ከሥራ አስኪያጅነት የለቀቅሁበት ጉዳይ ሳይጠናቀቅ በመቅረቱ የቀረበ ቅሬታ

ለ.................. የሕግና የሒሳብ ማማከር አገልግሎት ድርጅት
ደብረ ብርሃን

በከተማችን በእንስሳት መኖ ማቀነባበር ሥራ ላይ የተሰማራ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ስሠራ ቆይቼ ኃላፊነቴን ለመልቀቅ በወሰንሁ ጊዜ፣ ጉዳዩን ከመልቀቂያ ደብዳቤው ዝግጅት ጀምሮ ስሜ ከንግድ መዝገብ እስኪወጣ ድረስ እንድታስፈጽሙልኝ ከድርጅታችሁ ጋር ተዋውዬ ክፍያውን በሙሉ መፈጸሜ ይታወሳል። ይሁን እንጂ በቅርቡ፣ እኔ ከለቀቅሁ በኋላ ባሉት ወራት ከሠራተኞች ደመወዝ ተቀንሶ ገቢ ሊደረግ ይገባው የነበረ ግብር እንዲከፈል የሚያሳስብ ደብዳቤ በስሜ ተጽፎ ደርሶኛል። የንግድ ምዝገባ ፋይሉን ሳስመለክትም እስከ ዛሬ በሥራ አስኪያጅነት ተመዝግቤ የምገኘው እኔው ነኝ።

ችግሩ የሚጀምረው ካዘጋጃችሁልኝ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠቴን ይገልጻል፤ ይኸው አዋጅ ግን በአንቀጽ 3 እንደ እኔ ያሉ የሥራ መሪዎችን ከተፈጻሚነቱ ወሰን አውጥቷቸዋል። ከዚህም በላይ ደብዳቤው የተጻፈው ለሾሙኝ የማኅበሩ አባላት ሳይሆን ለሰው ሀብት ክፍል ሲሆን፣ ይህ ክፍል ደግሞ ተጠሪነቱ ለእኔው ነበር። የሰጣችሁኝ ቅጂ ላይ ከፊርማዬ በቀር የመዝገብ ቤት ገቢ ቁጥርም ሆነ ማኅተም ስለሌለ፣ መቼ እንደለቀቅሁ ብጠየቅ የማቀርበው ማስረጃ የለኝም።

ቀሪው ሥራ ጭራሹን አልተነካም። አባላቱ ስንብቴን ተቀብለው ተተኪ የሾሙበት ቃለ ጉባኤ በሰነድ አረጋጋጭ ፊት ተረጋግጦ በንግድ መዝገብ ካልገባ፣ ለውጡን የማያውቅ ሦስተኛ ወገን በመዝገቡ ላይ ባገኘው ስም ቢተማመን አይፈረድበትም። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008ም በድርጅት ዕዳ ሥራ አስኪያጁ ጭምር የሚጠየቅባቸውን ሁኔታዎች ስለሚደነግግ፣ የደረሰኝን ማሳሰቢያ እንደ ተራ ወረቀት ላየው አልችልም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ጉዳይ ነው። በማኅበሩ ቼክ ላይ የምፈርመው ፊርማ የሚመሳከርበት የናሙና ፊርማዬ እንዲሰረዝ ለባንኩ የተጻፈ ነገር የለም፤ ያልተሠራባቸው የቼክ ቅጠሎችም በቁጥር ተቆጥረው በርክክብ ሰነድ ላይ አልሰፈሩም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 በቂ ስንቅ (በሒሳቡ ውስጥ የሚከፈል ገንዘብ) የሌለው ቼክ ማውጣት ወንጀል መሆኑን ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ይህን ሁሉ ይዤ ቢሮአችሁ ስመጣ ባለሙያችሁ «ደብዳቤው ገብቷል፣ ከዚህ በኋላ የማኅበሩ ጣጣ ነው» ብለው መልሰውኛል። ውላችን የሚለው ግን እንዲህ አይደለም።

ስለሆነም ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ለአባላቱ የሚቀርበውን የመልቀቂያ ደብዳቤ በትክክል አዘጋጅታችሁ ገቢ እንድታስደርጉ፣ ቃለ ጉባኤው ተረጋግጦ እንዲመዘገብ እስከ መጨረሻው ተከታትላችሁ እንድታስፈጽሙ፣ ለባንኩና ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የለቀቅሁበትን ቀን በማስረጃ አስደግፋችሁ እንድታሳውቁ፣ የማኅተም፣ የቼክና የሰነድ ርክክቡም በሁለቱም ወገን ፊርማ እንዲጠናቀቅ እንድታደርጉ እጠይቃለሁ። ይህን የማትፈጽሙ ከሆነ የከፈልሁት ገንዘብ በሙሉ ይመለስልኝ። በመዘግየቱ ምክንያት በስሜ ለሚመጣ ማንኛውም ዕዳ በሕግ የመጠየቅ መብቴ የተጠበቀ መሆኑንና፣ በተባለው ጊዜ ምላሽ ካላገኘሁ አቤቱታዬን ለፈቃድ ሰጪው አካል የማቀርብ መሆኔን በአክብሮት እገልጻለሁ።

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ አባላት