የቅዳሜው ክርክርና የሚቀጥለው ፊልም

ጤና ይስጥልን የሐዋሳ ፊልም ወዳጆች፣

ባለፈው ቅዳሜ «ዱን፦ ክፍል ሁለት»ን አይተን ስንወጣ የተጀመረው ክርክር ሐይቁ ዳር ድረስ ተከትሎን መጥቶ እስከ ዛሬም አልበረደም። ግማሻችሁ «አሸዋና ጩኸት ነው፣ ሌላ ምን አለው?» ብላችኋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጀግናው በረሃ ውስጥ የሚኖረውን ግዙፍ የአሸዋ ትል መጀመሪያ የጋለበ ጊዜ ፊት ወንበር ላይ የነበሩት እናታችን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ፤ ፈንዲሻው ጭናቸው ላይ ፈሶ አላዩትም። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2025 በድምፅና በልዩ የምስል ውጤቶች (ቪዥዋል ኢፌክትስ) ኦስካር የወሰደው እንዲሁ አይደለም። የኛ ድምፅ ማጉያ ግን አንደኛው ሲንጫጫ አመሸ። ገመዱን ሳልፈትሽ የመጣሁት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ።

«ወሬ ያለበት ፊልም አምጡልን» ላላችሁ፣ የፊታችን ቅዳሜ የአቶሚክ ቦምቡን ሥራ የመራው ሳይንቲስት ታሪክ፣ «ኦፐንሃይመር» ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ አብዛኛው ሰዎች ተቀምጠው ሲነጋገሩ ነው፤ ቢሆንም ከፍንዳታው በፊት ያለው ቆጠራ ትንፋሽ ያሳጥራል። አንዳንዱ ትዕይንት ጥቁርና ነጭ ነው። እሱ ነገሩን በኦፐንሃይመር ባላንጣ በስትራውስ ዓይን የሚያሳየን ክፍል ነው እንጂ ብልሽት አይደለም፤ እባካችሁ ፕሮጀክተሩን እንዳትነካኩት።

ርዝመቱን አስበን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እንጀምራለን። መብራት ከጠፋ ጄኔሬተር አለ፤ የነዳጁን እንደተለመደው እናዋጣለን። ከአሞራ ገደል የተጠበሰ ዓሣ ይዞ አዳራሽ መግባት ግን ቀርቷል። ማን እንደሆንክ ታውቀዋለህ።