ቀይ ሥር የገባበት ቢራ ቀመስኩልህ

ይድረስ ለወንድም ዓለም፣

እንዴት ነህ? ቤተሰብስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በ2014 ከቤት ስንወጣ ከጠፉብኝ ነገሮች አንዱ ያንተ ስልክና አድራሻ ነበር። ሰሞኑን ደሴ ሰኞ ገበያ ጌሾ ስገዛ እህትህን አገኘኋትና ከእሷ ተቀበልኩ። «የምን ድግስ ነው?» አለችኝ። ድግስ እንኳ አይደለም።

የአጎቴ ልጅ ከጀርመን መጥቷል። ያ በረኛው፣ ታስታውሰዋለህ። እዚያ ቤቱ ውስጥ ቢራ መጥመቅ ለምዶ ኖሮ፣ ኮምቦልቻ እኛ ግቢ ድስት ጣደ። እናቴ «የቢራ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ተቀምጠን ምን ቸግሮን?» እያለች ብቅሉን አበቀለችለት። ቢራን የሚያመርረው ሆፕስ የሚባል አበባ የለም፤ መራራውን ጌሾ ይስጠው ተባለ። እስከዚህ ድረስ ጠላ እንጂ ሌላ አልመሰለንም። ቀይ ሥር፣ ካሮትና ቃሪያ ይዞ ሲመጣ ግን ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ሳቃችን ያለ ምክንያት አልነበረም። እሱ ራሱ እንደነገረን፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1516 ባቫሪያ ያወጣችው ሕግ ቢራ ውስጥ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ በቀር ምንም አይግባ ይላል። የአሜሪካ ሰፋሪዎች ደግሞ ብቅል ሲያጥራቸው በዱባ ይጠምቁ ነበር። እንግዲህ ሲቸግር የጓሮው ሁሉ ይገባል።

ቀይ ሥሩን የሰጡን ጎረቤታችን ሀጂ ናቸው። ለሰላጣ መስሏቸው መርቀው ሰጡን። የት እንደገባ ሲሰሙ «በሉ ከእንግዲህ ጎመን እንኳ አልሰጣችሁም!» ብለው ሳቁ። በማግስቱ ግን «እንዴት ሆነ?» ብለው ጠየቁ።

አሁን ወደ ጣዕሙ። የቀይ ሥሩን ግማሽ ከብቅሉ ጋር ቀቀለው፤ ቀለሙ ቡናማ ሆኖ ቀረ። ሙቀት ቀዩን ይገድለዋል። ሌላውን ጥሬውን ፈቅፍቆ ጭማቂውን ከቀዘቀዘ በኋላ ጨመረበት። ይሄኛው ሲቀዳ አረፋው ሳይቀር ሮዝ ነው! እናቴ አየችና «የጾም ሰላጣ በጠርሙስ» አለች።

ጣፋጭ ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አይደለም። የቀይ ሥሩን ስኳር እርሾው ጨርሶ ይበላዋል፤ የሚቀረው ደረቅ ያለ፣ ትንሽ ኮምጠጥ የሚል ነገር ነው። መጀመሪያ አፍንጫህን የሚያገኝህ የአፈር ሽታ ነው። ዝናብ ሲጀምር የሚሸተን አፈርና ቀይ ሥር የሚጋሩት አንድ ንጥረ ነገር አለ፣ ጂኦስሚን ይባላል። ከጌሾው ምሬት ጋር ሲገናኝ በጣም ተስማማኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሁለተኛውን ብርጭቆ የጠየቅኩት ለይሉኝታ አልነበረም።

ካሮቱ ለወግ ነው የገባው። ዓይንህን ጨፍነህ ብትጠጣው ካሮት መኖሩን አታውቅም። እንዲህ ያለውን «የእጅ ሥራ ቢራ» እያሉ በውድ የሚሸጡ አሉ አሉ፤ እኔ ግን አትክልቱ ካልተሰማኝ ለምን እንደምከፍል አይገባኝም። ቃሪያውማ አብሽር አያስብልም። ሽታው ግሩም ነው፣ ግን የሚያቃጥለው ነገር ከውሃ ይልቅ በአልኮል ይሟሟል፤ ጉሮሮህ ላይ ቆይቶ ነው የሚደርስህ። አጎቴ አንዴ ጎንጭቶ እንጀራ ፍለጋ ተነሳ።

አንድ ጠርሙስ ሌሊት ፈንድቶብናል። የኮምቦልቻ ሙቀት እርሾውን ያጣድፈዋል፤ ተቸኩሎ ከታሸገ ጉድ ነው። ደሴ ቢሆን በብርዱ እየተንቀራፈፈ ይፈላ ነበር።

አሁን ካሮቱ ቀርቶ ቀይ ሥር ብቻ ሊደግም ነው። እኔ ደግሞ ዕቃው እንደ ጠላ ጋን ይታጠን እያልኩ እከራከራለሁ። የእናትህ ጠላ ጭስ ጭስ የሚል ጠረኑ እስካሁን አልጠፋኝም። በወይራ ነበር ወይስ በጥንጁት የሚያጥኑት? ጠይቃቸውና ቶሎ ጻፍልኝ፣ ብቅሉ ደርሷል። ሰላምታዬንም አድርስልኝ።

ወንድምህ፣ ከኮምቦልቻ